የቆየው የጥልፍልፍ መንገድ ጨዋታ በእናትና በልጅ እጅ

ጨዋታ ለልጅ እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ልጅ ሲጫወት ይሮጣል፣ ያስባል፣ ተራ መጠበቅን ይለምዳል፣ መሸነፍንም ይቀምሳል። ቀደም ባለው ጊዜ ወላጆች ልጆቻቸው ምን እንደሚጫወቱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ገበጣውንም ሆነ አኩኩሉውን፣ ሰኞ ማክሰኞውንም ሆነ ሌባና ፖሊሱን ራሳቸው በልጅነታቸው ተጫውተውታልና። ልጁ ቢያኮርፍ ወይም ቢያጭበረብር ከደጃፍ ሆነው ለመዳኘት አይቸገሩም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በመዳፉ የያዘውን መሣሪያ ሲነካካ፣ እናት ከወጥ ቤት ሆና «በቃህ!» ከማለት በቀር የምታውቀው ነገር የለም። ልጁ ምን እንደሚጫወት፣ ለምን እንደሚናደድ፣ ለምንስ «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያለ እንደሚለምን አይገባትም። ከዚህም የተነሳ መሣሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩ በእናትና በልጅ መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ጨዋታውን ስለ መከልከል ወይም ስለ መፍቀድ አይደለም። የምናነሳው እናት ከልጇ ጎን ተቀምጣ አብራ ልትጫወተው ስለምትችለው አንድ የቆየ የጨዋታ ዓይነት ነው። ይኸውም ከአርባ ዓመት በፊት በየጨዋታ ቤቱ በሳንቲም ይሠራ የነበረውና ዛሬ በእጅ በሚያዙ የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ እንደገና የሚገኘው የጥልፍልፍ መንገድ ጨዋታ ነው። ደንቡ በአንድ እይታ የሚገባ፣ የጀማሪ አንዱ ዙር በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ በመሆኑ፣ የመሣሪያ ነገር ለማይሆንላት እናት የቀለለ መግቢያ በር ነው ለማለት ይቻላል።

ለሴቶችም ታስቦ የተሠራ

የጥልፍልፍ መንገድ ጨዋታ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው «ፓክ-ማን» ነው። ይህን ጨዋታ ያፈለቀው ናምኮ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቶሩ ኢዋታኒ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ጨዋታው በግንቦት ወር 1972 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980፣ በቶኪዮ ከተማ ሺቡያ በተባለው ሠፈር ለሙከራ ለሕዝብ ቀረበ። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መገባደጃ ላይም ሚድዌይ በተባለ ኩባንያ አማካይነት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው የወጣበትን ዘመን መረዳት ያስፈልጋል። በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለው የተኩስ ጨዋታ ከወጣ ወዲህ የጃፓን ጨዋታ ቤቶች በተኩስ ድምፅ የተሞሉ፣ ወንዶች ብቻ የሚያዘወትሯቸው ሥፍራዎች ሆነው ነበር። ኢዋታኒ ሴቶችና ጥንዶችም ገብተው የሚደሰቱበት ጨዋታ ለመሥራት አሰበ። ስለሆነም መግደልን ትቶ መብላትን መረጠ። ዋናው ባለታሪክ አንድ ቁራሽ የተነሳለት ክብ ፒዛ የሚመስል፣ ከአፍ በቀር ምንም የሌለው ቢጫ ክብ ሆነ። ስሙም የተወሰደው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ጃፓኖች «ፓኩ ፓኩ» ከሚሉት ድምፅ ነው፤ እኛ ቆሎ ሲበላ «ኮርሸም ኮርሸም» እንደምንለው መሆኑ ነው።

አንድ ወጣት ወንድ ተቀምጦ «ሴቶች የሚወዱት መብላት ነው» ብሎ ማሰቡ ሴት አንባቢዎቻችንን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከዚህ ግምት የተገኘው ሥራ ከግምቱ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጨዋታው ደም የሌለበት፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ሥዕሉ አስቂኝ በመሆኑ ወንዱም ሴቱም፣ ልጁም አዋቂውም ተሰለፈለት። ከቆመው ሣጥን ሌላ በጠረጴዛ መልክ የተሠራም ነበረ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በየተራ ሲጫወቱ ሥዕሉ ወደ ባለተራው ይገለበጥ ነበር። እንግዲህ ጨዋታው ከመነሻው ለብቻ የሚደበቁበት ሳይሆን፣ ሰው ከሰው ጋር የሚቀመጥበት እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

አራት ጭራቅ፣ አራት ጠባይ

የጨዋታው ደንብ ይህ ነው። እንደ መሶብ ስፌት በተጠላለፉት መንገዶች ላይ 240 ትናንሽ ነጠብጣቦችና 4 ትልልቅ እንክብሎች ተዘርተዋል። ቢጫው አፍ ሁሉንም ለቅሞ መጨረስ አለበት። አራት ጭራቆች ደግሞ ያሳድዱታል። ከያዙት ከሦስቱ ሕይወቱ አንዱ ይጠፋል። ትልቁን እንክብል ሲውጥ ግን ጭራቆቹ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ሆነው ይሸሻሉ፤ ያን ጊዜ እሱ በተራው ያሳድዳቸዋል። በአንዱ እንክብል ኃይል የመጀመሪያውን ጭራቅ ለበላ 200፣ ለሁለተኛው 400፣ ለሦስተኛው 800፣ ለአራተኛው 1,600 ነጥብ ይሰጣል።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ መሮጥ ብቻ አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ጨዋታውን ዕድሜ የሰጠው አራቱ ጭራቆች አራት የተለያየ ጠባይ ያላቸው መሆኑ ነው። ጃፓኖች ለእያንዳንዳቸው ጠባያቸውን የሚገልጽ መጠሪያ ሰጥተዋቸዋል። ቀዩ «አሳዳጅ» ነው፤ ቢጫው አፍ ወዳለበት ቦታ በቀጥታ ይገሰግሳል። ሮዝማው «አድፋጭ» ነው፤ ተጫዋቹ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚሄድበት አራት እርምጃ ያህል ቀድሞ ለመጠበቅ ይሞክራል። ሰማያዊው «ጠባየ ተለዋዋጭ» ነው፤ መንገዱን የሚመርጠው የተጫዋቹንና የቀዩን ጭራቅ ቦታ አንድ ላይ አይቶ ስለሆነ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ያስቸግራል። ብርቱካንማው ደግሞ «ሞኝ መሳይ» ነው፤ ከሩቅ ሲሆን እንደ ቀዩ ያሳድዳል፣ ከስምንት እርምጃ ሲቀርብ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል።

ከዚህም ሌላ ጭራቆቹ ሁልጊዜ አያሳድዱም። በመጀመሪያው ደረጃ ለ7 ሰከንድ ያህል ወደየማዕዘናቸው ይበተኑና ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ፤ እንደገናም ይበተናሉ። ኢዋታኒ ይህን ያደረገው ተጫዋቹ ያለ እረፍት ቢሳደድ ተስፋ ይቆርጣል ብሎ ነው። ዕረፍቱ በደረጃው መጨረሻ ላይ ይጠፋል፤ ሆኖም በጊዜው ያወቀበት ሰው መንገዱን አመቻችቶ ይጠብቃል። ደግሞም ግራና ቀኝ ባሉት የጎን መሿለኪያዎች ውስጥ ጭራቆቹ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ሲያዩት ትንሽ ነገር ቢሆንም የተከበበ ተጫዋች የሚያመልጠው በዚያ ነው።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጅ በመጀመሪያ ቀን አራቱንም ጭራቆች እንደ አንድ አስፈሪ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ይሸሻል። ጠባያቸውን ባወቀ ቁጥር ግን ፍርሃቱ ወደ ማስተዋል ይለወጣል። «ቀዩ ከኋላዬ ነው፣ ሮዝማው ከፊቴ ይጠብቀኛል፣ ስለዚህ በጎን ልውጣ» ማለት ይጀምራል። የሚያስፈራን ነገር ለይቶ ማወቅ ከመሸሽ እንደሚበልጥ ለልጅ በቃል ከመንገር ይልቅ እንዲህ በጨዋታ ማሳየት ይቀላል።

ወይዘሮ ወይስ ወይዘሪት?

የፓክ-ማን ዝና በአሜሪካ ሲገን፣ ጄኔራል ኮምፒውተር ኮርፖሬሽን የተባለ ወጣቶች ያቋቋሙት ድርጅት ጨዋታውን አሻሽሎ ለሚድዌይ አቀረበ። በ1982 ለገበያ የዋለው ይህ ጨዋታ ባለታሪኳ ሴት ናት። ቢጫዋ ባለ ጥብጣብ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ብቅ አለች። በየደረጃዎቹ መካከል በሚታዩት አጫጭር የሥዕል ትርኢቶች ከፓክ-ማን ጋር ትገናኛለች፣ ይሯሯጣሉ፣ በመጨረሻም ልጅ ይመጣላቸዋል።

ስያሜዋ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። መጀመሪያ «ወይዘሪት» የሚል ማዕረግ ታስቦ ነበር፤ ልጅ ስላላት አይሆንም ተባለ። «ወይዘሮ» ይባልም ተባለ። በመጨረሻ «ሚዝ» በሚለው ተስማሙና ጨዋታው «ሚዝ ፓክ-ማን» ተባለ። «ሚዝ» ሴት ማግባቷንም ሆነ አለማግባቷን የማይናገር የእንግሊዝኛ ማዕረግ ሲሆን፣ በጊዜው የሴቶች እኩልነት ተሟጋቾች በሰፊው ያስፋፉት ነበር። ወንዱን «አቶ» ብለን ሳናጣራ የምንጠራ፣ ሴቲቱን ግን ትዳሯን ሳንጠይቅ መጥራት የሚቸግረን እኛም ይህ ጉዳይ ባዕድ አይሆንብንም።

የሴቲቱ ጨዋታ ከወንዱ የበለጠ ብልሃት የሚጠይቅ ነው። በፓክ-ማን መንገዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ጉዞ ቢደግም ጭራቆቹም ያንኑ ይደግማሉና መንገዱን በቃሉ አጥንቶ መጫወት ይችላል። በሚዝ ፓክ-ማን ግን አራት ዓይነት ጥልፍልፍ አለ፣ የጭራቆቹ አካሄድ በከፊል እንደ ዕጣ ነው፣ ፍራፍሬውም ቆሞ አይጠብቅም፣ ይንቀሳቀሳል። በቃል ማጥናት አይሠራም፤ ማየትና መወሰን ነው። ከአሜሪካ ጨዋታ ቤቶች በብዛት ከተሸጡት አንዷ ለመሆንም በቅታለች።

የጥልፍልፍ ጨዋታ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ አያበቃም። በ1981 የወጣው «ሌዲ በግ» በመንገዱ ላይ እንደ በር የሚሽከረከሩ መዝጊያዎች ስላሉት ተጫዋቹ በጠላቱ ፊት በሩን ዘግቶ ማለፍ ይችላል። በ1982 የወጣው «ዲግ ዳግ» ደግሞ መንገዱን ተጫዋቹ ራሱ ከመሬት ሥር ይቆፍረዋል።

ከሣጥን ወደ መዳፍ

ቁም ሣጥን የሚያክለው መሣሪያ ወደ መዳፍ ሲወርድ ችግር አልታጣም። ኒንቴንዶ በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ ስክሪኑ ትንሽ፣ ቀለም አልባና ከውስጥ የማይበራ ነበር። ፓክ-ማን በላዩ ላይ ሲመጣ ጭራቆቹን በቀለማቸው መለየት አልተቻለም። አሳዳጁንና አድፋጩን በቀለም ካልለዩ ደግሞ የጨዋታው ግማሽ ጣዕም ይቀራል። ሚዝ ፓክ-ማን በ2001 «ናምኮ ሙዚየም» በተባለው ስብስብ ውስጥ ለጌም ቦይ አድቫንስ ስትመጣ ቀለሟ ተመልሶላት ነበር፤ ይሁን እንጂ የጥንቱ ሥዕል ቁመቱ ረጅም፣ የመሣሪያው ስክሪን ግን ወርዱ ሰፊ በመሆኑ እንደ ልብ አልገጠመም።

በ2017 ኒንቴንዶ ስዊች የተባለው መሣሪያ ወጣና በዚያው ዓመት «ናምኮ ሙዚየም» ፓክ-ማንንና ዲግ ዳግን ይዞ መጣለት። መሣሪያውን ወደ ጎን አዙሮ በቁመቱ በማቆም ጥልፍልፉን ሙሉ በሙሉ እንደ ጥንቱ ማየት ይቻላል። በዚሁ ስብስብ ውስጥ በ2003 የተሠራ «ፓክ-ማን ቨርሰስ» የተባለ ጨዋታም አለ። በዚህ ጨዋታ ጭራቆቹ ሰዎች ናቸው። ቢጫው አፍ የሆነው ተጫዋች መንገዱን ሁሉ ለብቻው በተለየ ስክሪን ያያል፤ ጭራቅ የሆኑት ግን በዙሪያቸው ያለውን ብቻ ስለሚያዩ እየተጠራሩ መተባበር ግድ ይሆንባቸዋል። የያዘው ሰው በተራው ቢጫው አፍ ይሆናል። አኩኩሉ ማለት ይኸው ነው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በባለመብቶች ጉዳይ ምክንያት ሚዝ ፓክ-ማን በቅርብ ዓመታት ከወጡት ስብስቦች ቀርታለች። በ2022 «ፓክ-ላንድ» የተባለው የ1984 ጨዋታ እንደገና ሲወጣም በእሷ ቦታ ሌላ የእናት ሥዕል ገብቷል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በስብስቡ ውስጥ የትኞቹ ጨዋታዎች እንዳሉ ዝርዝሩን ይመልከቱ።

ሳንቲሙ ይናገር የነበረውን ማን ይናገር?

በጨዋታ ቤት ዘመን ለልጅ «በቃህ» የሚለው ሳንቲም ነበር። ሦስቱ ሕይወት ሲያልቅ መሣሪያው ሌላ ሳንቲም ይጠይቃል፤ ኪስ ባዶ ከሆነ ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰውም አለ። በእጅ በሚያዘው መሣሪያ ላይ ግን ሳንቲምም የለም፣ ተራ ጠባቂም የለም። አንድ ጊዜ የተገዛ ጨዋታ እስከ ሌሊት ቢጫወቱት አይከለክልም።

ጨዋታው ራሱም መጨረሻ የለውም። ደረጃው እያለፈ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ «አሸነፍክ፣ ጨረስክ» የሚል ቃል አይመጣም። በጥንቱ ፓክ-ማን 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ ተበለሻሽቶ ማለፍ የማይቻል ይሆናል። ምክንያቱም የመሣሪያው ደረጃ መቁጠሪያ ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል ነው፤ ሠሪዎቹ ሰው እዚያ ድረስ ይደርሳል ብለው አላሰቡም ነበር። ብዙዎቹ የዛሬ የስልክ ጨዋታዎች ደግሞ በነፃ ተሰጥተው፣ ልጁ ከለመዳቸው በኋላ ለተጨማሪ ሕይወትና ለጌጣጌጥ ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ነገም ተመለስ እያሉ የሚጎተጉቱ ናቸው። በሁለቱም ቢሆን መጨረሻውን ማበጀት የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

ይህም ሲሆን መጨረሻው ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው እንጂ ከወጥ ቤት በድንገት የሚመጣ ጩኸት እንዳይሆን ይመረጣል። የጥልፍልፉ ጨዋታ ለዚህ የሚሆን መለኪያ በውስጡ አለው፤ እሱም ሦስቱ ሕይወት ነው። እኛ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ መሣሪያውን የእርስዎም የልጁም ያድርጉት። ሦስት ሕይወት ለእሱ፣ ሦስት ለእርስዎ ይሁን። የእሱ ሦስት ሲያልቅ መሣሪያው ወደ እርስዎ ይተላለፋል። ስንት ዙር እንደምትጫወቱ ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ልጁ ከደረጃ መካከል እንዳይቋረጥ በዙር መቁጠር በሰዓት ከመቁጠር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ እንዲያስተምርዎ ይፍቀዱለት። «ይህ ሮዝማው አሁን ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁት። ለጭራቆቹ የራሳችሁን ስም አውጡላቸው። ልጅ ለእናቱ የሚያስተምረው ነገር ሲያገኝ የሚሰማው ኩራት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ መሸነፍን አብራችሁ ተለማመዱ። እርስዎ ሲሸነፉ ስቀው መሣሪያውን ከሰጡት፣ እሱም ሲሸነፍ ከመወርወር ይልቅ መስጠትን ይማራል።

አራተኛ፣ ዕድሜን ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ መሆኑን ይገልጻል። ከፍ ላለው ልጅም ቢሆን እንቅልፉ፣ ትምህርቱና የውጭ ሩጫው የማይነኩ መሆን አለባቸው።

መሣሪያው ለሌለው ቤት

መሣሪያው ውድ ነው፤ በየቤቱ ይኑር ለማለት አንችልም፣ አያስፈልግምም። የጨዋታው ሐሳብ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። በግቢው ወይም በደጃፉ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ የተጠላለፉ መስመሮችን አስምሩ። በመስመሮቹ ላይ የበቆሎ ፍሬ ወይም ጠጠር በትኑ። አንዱ ልጅ ለቃሚ፣ አራቱ ጭራቆች ይሁኑ። ማንም ከመስመር መውጣት አይፈቀድለት፣ መራመድ እንጂ መሮጥም ክልክል ይሁን። አንዱ ከኋላ ብቻ ይከተል፤ ሁለተኛው ከፊት ቀድሞ ይጠብቅ፤ ሦስተኛው የመጀመሪያውን እያየ በሌላ ወገን ይምጣ፤ አራተኛው ሲቀርብ ፈርቶ ይመለስ። በአራቱ ማዕዘን አራት ትልልቅ ድንጋዮች አስቀምጡ፤ ለቃሚው አንዱን ባነሳ ጊዜ እናንተ እስከ አሥር ስትቆጥሩ ጭራቆቹ ይሽሹ። ታናሹ ልጅም «ሞኝ መሳዩን» ሆኖ ሳይከፋው ሊገባበት ይችላል።

ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ፓክ-ማንን ከስብስቦቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። ለሙዚየም መብቃቱ ለሠሪው ክብር ነው። ለእኛ ቤት ግን ጥቅሙ የሚለካው በሌላ ነው። ልጅ የሚጫወተውን የማታውቅ እናት መከልከል ብቻ ነው የሚቀራት፤ የምታውቅ እናት ግን መምረጥ፣ መወሰንና መምከር ትችላለች፤ ልጁም ይሰማታል። ስለሆነም በሚቀጥለው ጊዜ «በቃህ!» ከማለትዎ በፊት «እስቲ ሦስት ሕይወት ለእኔም ስጠኝ» ብለው ከጎኑ ቢቀመጡ ይበጃል እንላለን።